ሃያ ዓመት ያደፈጠ ስምንት ባይት፦ በአልፋ ፕሮሰሰር ላይ የከርነል ስህተት ፍለጋ

በ2025 የመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ሊኑክስ ከርነል ከገቡት በሺዎች የሚቆጠሩ ለውጦች መካከል አንዱ፣ ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው፣ ስምንት ባይት ባዶ ቦታ ከመጨመር ያለፈ ቁም ነገር አልነበረውም። ቦታው የተጨመረውም አልፋ ለተባለ፣ የመጨረሻው ሞዴሉ በ2004 ወጥቶ ሽያጩ በ2007 ለተቋረጠ የፕሮሰሰር ቤተሰብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚህች ትንሽ ቦታ ጀርባ ግን ከ20 ዓመት በላይ ማንም ልብ ሳይለው የኖረ ስህተት አለ። ስህተቱ እንዴት ተደብቆ እንደኖረና ለምን በኋላ እንደተገለጠ መከታተል፣ ያረጀ ሃርድዌር እስከ መቼ ሊደገፍ ይገባል ለሚለው የዛሬ ክርክር ከብዙ አጠቃላይ ሐተታ የተሻለ ብርሃን ይሰጣል።

ከርነል በፕሮግራሞችና በማሽኑ አካል መካከል ቆሞ ሜሞሪውን የሚያከፋፍል፣ የፕሮሰሰሩን ጊዜ የሚመድብ፣ ዲስኩንና ኔትወርኩን የሚያስተዳድር የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ሊኑክስ በግዙፍ የኢንተርኔት ሰርቨሮችም ሆነ በየኪሳችን ባሉት የአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ የሚሠራው፣ አብዛኛው ኮዱ ለሁሉም ማሽን የጋራ ሆኖ እያንዳንዱ የፕሮሰሰር አርክቴክቸር ግን የራሱ ጓዳ ስላለው ነው። አንድ ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚያልፍበት በር፣ የሜሞሪ ገጾች (ሜሞሪው የሚከፋፈልባቸው ቁራሾች) አድራሻ የሚተረጎምበት መንገድ፣ አንዱ ፕሮሰሰር ሌላውን የሚጠራበት ደወል፣ እነዚህና መሰሎቻቸው በጓዳው ውስጥ ይጻፋሉ።

ይህ የጓዳ አሠራር መልክ የያዘው በከፊል በአልፋ ምክንያት መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። አልፋን ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ዴክ፣ በ1992 ለገበያ ሲያቀርበው ከጅምሩ 64 ቢት ሆኖ የተነደፈና በዘመኑ ፍጥነቱ የሚወራለት ፕሮሰሰር ነበር። የኩባንያው ሠራተኛ የነበረው ጆን ሆል አንድ የአልፋ ማሽን ለሊኑክስ ፈጣሪ ለሊነስ ቶርቫልድስ በውሰት እንዲሰጠው አመቻቸ፤ ቶርቫልድስም ለኢንቴል 386 ብቻ ታስቦ የተጀመረውን ከርነል ወደ አልፋ ሲያሻግር፣ የጋራ የሆነውን ኮድ ከማሽኑ ባሕርይ ለይቶ ለማስቀመጥ ተገደደ። በመጋቢት 1995 የወጣው 1.2 እትም ከኢንቴል ውጭ ያሉ ፕሮሰሰሮችን የደገፈ የመጀመሪያው የተረጋጋ እትም ሆነ። ከዚያ በኋላ የአልፋ ዕጣ የባለቤቶቹን ዕጣ ተከተለ። ዴክን በ1998 ኮምፓክ ገዛው፤ ኮምፓክ በ2001 አልፋን ትቶ ወደ ኢንቴል ኢታኒየም ፕሮሰሰር እንደሚሻገር አስታወቀ፤ በ2002 ደግሞ ራሱ ኮምፓክ ከኤችፒ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ አልፋን የሚያንቀሳቅሱት ባብዛኛው በገዛ ጊዜያቸው የሚሠሩ ወዳጆቹ ናቸው፤ ሊኑክስን የሚጭኑለትም ጄንቱ ከተባለው የሊኑክስ ስርጭት ወይም ደቢያን የተባለው ሌላ ስርጭት "ፖርትስ" ብሎ ከሚጠራው መደበኛ ያልሆነ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ስምንቱ ባይት እንመለስ። ማንኛውም ፕሮግራም፣ ከርነሉም ጭምር፣ ሥራ ሲሠራ ጊዜያዊ ነገሮቹን የሚያስቀምጠው ስታክ በሚባል የሜሞሪ ክፍል ላይ ነው። አሠራሩ ከምጣድ እየወጣ በላይ በላዩ እንደሚደራረብ እንጀራ ነው፤ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሣል። ለፍጥነትና ለትክክለኛነት ሲባል ይህ ድርድር የሚጀምርበት አድራሻ በዘፈቀደ አይመረጥም። የአልፋ የአጠራር ደንብ፣ አንድ የፕሮግራም ክፍል ሌላውን ሲጠራ የስታኩ አድራሻ ሁልጊዜ ለ16 ያለ ቀሪ የሚካፈል እንዲሆን ያዛል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር (ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ግን ለረጅም ጊዜ የረካው በስምንት ነበር፤ ደንቡን ወደ 16 ያሳደገው በመጋቢት 2004 ነው። የአልፋን የከርነል ጓዳ የጻፉት ሰዎች ይህን ለውጥ ተከትለው ጓዳቸውን አላስተካከሉም፤ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ይሠራ ስለነበር ማስተካከል እንዳለባቸው የሚነግራቸው አንዳች ምልክት አልነበረም።

የተዛነፈው የቱ ላይ እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከርነሉ ሥራ ሲጀምር በስታኩ ላይ በቅድሚያ የሚያኖረው የሬጅስተሮችን (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማከማቻዎችን) ይዘት የሚይዝ አንድ የመረጃ መዋቅር ነው። በዚህ መዋቅር ውስጥ ያሉት ባለስምንት ባይት ቃላት ብዛት ጎዶሎ ቁጥር ነበር። ለ16 ከሚካፈል አድራሻ ላይ ጎዶሎ ብዛት ያላቸው ስምንቶች ሲነሡ፣ የሚቀረው አድራሻ ለስምንት እንጂ ለ16 አይካፈልም። ስለዚህ የተለመደው የከርነል ስታክ በሁሉም አልፋ ላይ ሁልጊዜ በስምንት ባይት የተዛነፈ ነበር፤ ከተቋረጠ ሥራ ወይም ከገጽ ጉድለት (ፕሮግራሙ የጠየቀው የሜሞሪ ገጽ በቦታው ሳይገኝ ሲቀር) በኩል የሚገቡት መንገዶች ደግሞ እንደ ሁኔታው አንዳንዴ የተስተካከለ አንዳንዴ የተዛነፈ ስታክ ይደርሳቸው ነበር። በኢንቴልና በኤኤምዲ 64 ቢት ፕሮሰሰሮች ጓዳ ውስጥ ተመሳሳይ ጥያቄ አለ፤ እዚያ ግን ከርነሉ ሲገነባ ኮምፓይለሩ የስምንት ባይት ድርድር ብቻ እንዲጠብቅ በግልጽ ይነገረዋል። በአልፋ በኩል በኮምፓይለሩና በከርነሉ መካከል እንዲህ ያለ ንግግር አልነበረም፤ አንዱ 16 ብሎ አምኖ፣ ሌላው ስምንት እየሰጠ፣ ሳይነጋገሩ ሁለት አሥርት ዓመታት አብረው ኖሩ።

እንዲህ ያለ አለመግባባት ጉዳት የሚያመጣው በእምነቱ ላይ የሚደገፍ ሰው ሲመጣ ነው። ከርነሉ በአንድ ፕሮሰሰር ላይ እየሠራ ሌላኛው ፕሮሰሰር አንድ ነገር እንዲፈጽምለት ሲፈልግ፣ የጥሪውን ዝርዝር ለ32 በሚካፈል አድራሻ ላይ፣ በራሱ ስታክ ውስጥ ያስቀምጣል። ኮምፓይለሩ ስታኩ ለ16 እንደሚካፈል ካመነ፣ ወደ 32 ለማስተካከል ቢበዛ 16 ባይት መጠባበቂያ እንደሚበቃው ያሰላል። ስታኩ በስምንት የተዛነፈ ከሆነ ግን ማስተካከያው 24 ባይት ሊጠይቅ ይችላል፤ የጎደለው ስምንት ባይት ከጎረቤት ይወሰዳል፣ ማለትም ሌላ ነገር የተጻፈበት ቦታ ላይ ይጻፋል። በግንቦት 2024 ከወጣው 6.9 እትም ጀምሮ፣ ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር ያላቸው የአልፋ ማሽኖች ከርነላቸው መሰናከል የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስህተት ፈላጊውን የሚያሳስተው ይህ "ከ6.9 ጀምሮ" የሚለው ቃል ነው። የከርነል ሰዎች አንድ ብልሽት ከየት እንደመጣ ለማወቅ የሚጠቀሙበት የታወቀ ዘዴ አለ፦ ጤነኛ በነበረው እትምና በታመመው እትም መካከል ያሉትን ለውጦች ለሁለት እየከፈሉ መሞከር። በአንድ እትም ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ለውጦች ስለሚገቡ፣ 14 ያህል ሙከራ ወደ አንዲት ለውጥ ያደርሳል። በዚህ ዓይነት ስህተት ላይ ግን የሚገኘው ለውጥ ያደፈጠውን የቀሰቀሰ እንጂ ጥፋተኛው አይደለም። ያንን ለውጥ መልሶ ማውጣት ብልሽቱን ያስቀር ይሆናል፤ ዛነፉ ግን ባለበት ቆይቶ ሌላ ቀስቃሽ ይጠብቃል። ለዚህ ስህተት የተሰጠውን ምላሽ የማደንቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥቂት ፈቃደኞች የቀስቃሹን ለውጥ ይዘው ከመጮኽ ይልቅ የዴክን የቀድሞ የአጠራር ደንብ ገልጠው አነበቡ፣ የኮምፓይለሩን ታሪክ እስከ 2004 ድረስ ወደ ኋላ ሄደው መረመሩ፣ ከዚያም በአሴምብሊ፣ ማለትም ለማሽን ቋንቋ እጅግ በቀረበ ኮድ፣ የተጻፈውን የመግቢያ ኮድ ደንቡን እንዲጠብቅ አድርገው አስተካከሉ። በመዋቅሩ ውስጥ ስምንት ባይት መሙያ ተጨመረ፤ በእጅ ተጽፈው የነበሩት የስታክ ርቀቶች ኮምፓይለሩ ራሱ በሚያሰላቸው ተተኩ፤ የገጽ ጉድለትንና ያልተስተካከለ አድራሻን የሚያስተናግዱት መንገዶችም ተስተካከሉ።

ይህን ሥራ ከወንበር ሳይነሡ በዘመናዊ ላፕቶፕ ላይ መሥራት አይቻልምን? በከፊል ይቻላል። ለአልፋ የሚሆን ከርነል በሌላ ማሽን ላይ መገንባት የተለመደ ነው፤ ባይሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሙከራ ሰዓታት በበላ ነበር። ኪሙ የተባለው አስመሳይ ሶፍትዌርም አንድ የታወቀ የአልፋ ማሽን መስሎ ሊኑክስን ያስነሣል፤ ከርነሉ ጨርሶ አልነሣ ያለበትን ምክንያት ለማግኘት ይረዳል። አስመሳዩ የማይመስለው ግን የብረቱን ጠባይ ነው፦ የካሽን (ፕሮሰሰሩ በቅርቡ የሚያኖረው ፈጣን ሜሞሪ) ውስጣዊ አከፋፈል፣ ሁለት ፕሮሰሰሮች በአንድ ቅጽበት የሚጋጩበትን ዕድል፣ ያረጀ የአድራሻ ትርጉም (ፕሮግራሙ የሚያውቀው አድራሻ በእውነተኛው ሜሞሪ የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ) በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚዘገይበትን ጊዜ። አስቸጋሪዎቹ ስህተቶች የሚኖሩት ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ የሚሠራ ማሽን ያስፈልጋል። ይህም ማለት ማራገቢያው ገና የሚዞር፣ የኃይል አቅራቢው ያልነደደ፣ ዲስኩ ያልደከመ ማሽን፤ ከርነሉ ሲወድቅ የመጨረሻ ቃሉን በሲሪያል ኬብል ተቀብሎ የሚያስቀር ሌላ ኮምፒውተር፤ በዚህም ላይ ውድቀቱ በሦስተኛው ቀን እስኪደገም የሚጠብቅ ትዕግሥተኛ ሰው። የመለዋወጫ ዕቃ ገበያው እየጠበበ ሲሄድ የስህተት ማረሚያው ዕድልም አብሮት ይጠባል።

አልፋ ለከርነሉ ሰዎች የተለየ ራስ ምታት የሆነበት ሌላ፣ በጣም የታወቀ ምክንያትም አለ። አንድ ፕሮሰሰር አዲስ መረጃ ጽፎ ካበቃ በኋላ "መረጃው እዚህ ነው" የሚል ጠቋሚ ቢያወጣ፣ ሌላው ፕሮሰሰር ጠቋሚውን ተከትሎ ሲሄድ አዲሱን መረጃ ያገኛል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው፤ በሌሎቹ ሊኑክስ በሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ላይም እንዲሁ ነው። በአንዳንድ የአልፋ ሞዴሎች ግን ካሹ በክፍል በክፍል ተለይቶ ስለሚሠራ፣ አንባቢው አዲሱን ጠቋሚ ይዞ አሮጌውን መረጃ ሊያነብ ይችላል። የሠርጉን ጥሪ ይዞ በአድራሻው ቢሄድ ድንኳኑ ገና ያልተተከለበት እንግዳ ነው የሚመስለኝ። መድኃኒቱ አንባቢው በመካከል "ቆይ፣ ያለፈው ሁሉ ይድረሰኝ" የሚል ማገጃ ትእዛዝ እንዲያስገባ ማድረግ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ይህን ማገጃ በጋራው ኮድ ውስጥ ተገቢ ቦታው ላይ ማስቀመጥ፣ አልፋን በዓይናቸው ዓይተው የማያውቁ ፕሮግራመሮች ሁሉ ግዴታ ሆኖ ኖረ። ብዙዎቹ ይረሱታል፤ መርሳታቸውም በራሳቸው ማሽን ላይ በጭራሽ አይታወቃቸውም። ከ4.15 እትም ጀምሮ ማገጃው በጋራ መገልገያው የንባብ ትእዛዝ ሥር ለአልፋ ብቻ በራሱ እንዲገባ ተደረገ፤ በ2020 በወጣው 5.9 ደግሞ ፕሮግራመሮች ስሙን እየጠሩ የሚጠቀሙበት ትእዛዝ ከከርነሉ ተነሣ። አልፋ በዚህ ምክንያት ትንሽ ይዘገያል። ዋጋው ግን ከአደባባይ ወደ ገዛ ጓዳው ገብቷል፤ ባለቤቱ ካልሆነ በቀር የሚከፍለው የለም።

የአልፋ ሁሉም ችግር ግን በዚህ መልክ ወደ ጓዳ ሊገባ አልቻለም። የመጀመሪያዎቹ የአልፋ ትውልዶች አንድ ባይት ብቻ ነጥሎ የሚጽፍ ትእዛዝ አልነበራቸውም። አንዲት ባይት ለመለወጥ ስምንቱን ባይት ወደ ሬጅስተር ማምጣት፣ አንዷን መቀየር፣ ስምንቱንም መልሶ መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለት ጸሐፊዎች ከአንድ የመዝገብ ገጽ ላይ በየፊናቸው ቅጂ ወስደው፣ አንዱ የመጀመሪያውን መስመር ሌላው ሁለተኛውን አርሞ፣ ሁለቱም ሙሉውን ገጽ መልሰው ቢተኩት የአንዳቸው እርማት እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ጎን ለጎን ባሉ ባይቶች ላይ የሚሠሩ ሁለት ፕሮሰሰሮችም አንዳቸው የሌላውን ጽሑፍ ይደመስሳሉ። ከርነሉ የተጻፈበት የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዘመናዊ ደንብ ደግሞ ጎረቤት ባይቶች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይጠይቃል፤ የከርነሉ የጋራ ኮድም በዚህ ላይ ተማምኖ ይጻፋል። ዴክ ጉድለቱን በ1996 ኢቪ56 በተባለው ሞዴል ነጠላ ባይት የሚያነቡና የሚጽፉ ትእዛዞችን ጨምሮ አረመው። ከዚያ በፊት የተሠሩትን ለመደገፍ ግን የጋራው ኮድ ራሱ መጠንቀቅ ነበረበት፤ ይህ ጥንቃቄ ወደ ጓዳ የሚገባ አልነበረም። ስለዚህ በ2024 በወጣው 6.10 እትም ከኢቪ56 በፊት የነበሩት የአልፋ ሞዴሎች ከድጋፍ ወጡ፤ የኋለኞቹ ቀሩ።

ይህ መስመር በዕድሜ ወይም በተጠቃሚ ቁጥር የተሰመረ አለመሆኑን ልብ ይሏል። በሁለቱ ወገን ያሉት ማሽኖች ዕድሜ ልዩነት ጥቂት ዓመታት ነው፤ ተጠቃሚያቸውም በሁለቱም በኩል ጥቂት ነው። የለያቸው ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። አልፋን የተካው ኢታኒየም ራሱ ከከርነሉ የወጣበትን መንገድ ብናይም ይኸው ነው። ኢንቴል የመጨረሻዎቹን ኢታኒየሞች በ2021 ልኮ ጨረሰ፤ በዚያው ዓመት ጓዳው ተንከባካቢ የሌለው ተብሎ ተመዘገበ፤ በጥር 2024 የወጣው 6.7 እትም ደግሞ ወደ 65 ሺህ የሚጠጋ መስመር ኮዱን አስወገደ። ኢታኒየምን ያስነሡ የነበሩት የማስነሻ ኮዶች ለዛሬዎቹ የኢንቴልና የአርም ማሽኖች ከሚያገለግሉት ጋር የተሳሰሩ ስለነበሩ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ኢታኒየምን ይጎዳ እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት፤ ጥያቄውን በብረቱ ላይ ሞክሮ የሚመልስ ሰው ግን እየጠፋ ነበር። ምጸቱ ግልጽ ነው፤ ተተኪው ሲወጣ ተተክቶ የነበረው አልፋ ውስጥ ቀርቷል።

የባሰም ታይቷል። በ2018 በወጣው 4.17 እትም ስምንት አርክቴክቸሮች በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ አብሯቸው የሄደው ኮድ ግማሽ ሚሊዮን መስመር ይጠጋ ነበር፤ ለብዙዎቹ የሚቆረቆር ድምፅ እምብዛም አልተሰማም። ሊኑክስ የተወለደበት ኢንቴል 386 እንኳ በ2012 መጨረሻ ከድጋፍ ተሰናብቷል፤ የፈጣሪው የመጀመሪያ ማሽን መሆኑ አላዳነውም። በ2025 ደግሞ 486ን ለማንሣት የሚያስችሉ ማስተካከያዎች ለውይይት ቀርበዋል።

በእኔ አመለካከት "ስንት ሰው ይጠቀምበታል?" የሚለው ጥያቄ በእነዚህ ክርክሮች ከሚገባው በላይ ክብደት ተሰጥቶታል። የተጠቃሚ ብዛት ስህተት አያርምም። ሺህ ተጠቃሚ ኖሮት ውድቀቱን ወደ ሥሩ የሚከታተል አንድ ሰው የሌለው አርክቴክቸር በተግባር ሞቷል፤ በሌላ በኩል ሁለት ሦስት ማሽን ያላቸውና አሴምብሊ የሚያነቡ ጥቂት ሰዎች ያሉት አርክቴክቸር፣ ጓዳውን አጽድቶ እስከያዘ ድረስ ማንንም አያስቸግርም። የአሚጋና የአታሪ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበት የሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ እስከ ዛሬ በከርነሉ ውስጥ የዘለቀው በዚህ መንገድ ነው። ተቃራኒውን ሐሳብ የሚያቀርቡ ሰዎች፣ ትንሽ ጓዳም ቢሆን የጋራው ኮድ መዋቅር ሲለወጥ አብሮ መለወጥ ስላለበት ነጻ እንዳልሆነ ያነሣሉ፤ እውነታቸውን ነው። በሁሉም አርክቴክቸር ላይ የሚያልፍ አንድ ማሻሻያ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ሊሞክረው በማይችለው ማሽን ኮድ ላይም እጁን ማሳረፍ ይኖርበታል። ሆኖም ያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በየፋይሉ ጥቂት መስመር መቀየር ነው፤ ለማስወገድ በቂ ምክንያት የሚሆነው፣ እንደ ቀደሙት አልፋዎች፣ የአንዱ ማሽን ጉድለት የሌሎቹን ሁሉ አሠራር ሲያስር ነው።

የስታኩ ጉዳይ ከተፈታ በኋላም የአልፋ ሰዎች ሥራ አልተቋረጠም። ከርነሉ የተበታተነ ነጻ ሜሞሪ ለመሰብሰብ ገጾችን ከቦታ ቦታ ሲያዛውር፣ በአልፋ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ይወድቁ ነበር፤ ኮምፓይለሩ ራሱ ሥራ ላይ እያለ "የውስጥ ስህተት" ብሎ ይሞታል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሜሞሪ አከፋፋዩ መዝገቤ ተበላሽቷል ብሎ ይጮኻል። ገጽ ማዛወሩ ሲጠፋ ችግሩም ይጠፋል። ምክንያቱ አንድ ገጽ ወደ አዲስ ቦታ ከሄደ በኋላ የቀድሞ አድራሻው ትርጉም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሳይሰረዝ መቅረቱ ነበር፤ አልፋ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚሰጠውን መለያ ቁጥር በመቀየር ብቻ ያረጁት ትርጉሞች ይጠፋሉ ተብሎ ይታመን ነበር፣ ለገጽ ማዛወር ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ የተዘጋጀው ማስተካከያ ገጽ ሲዛወር ብቻ የሚጠራ አንድ የተለየ ረዳት ኮድ ጨመረ፤ ቁጥሩን ከመቀየር አልፎ ትርጉሙን ወዲያውኑ ይሰርዛል፣ ሌሎቹ ፕሮሰሰሮችም መሰረዛቸውን እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ረዳቱ የተቀመጠው በአልፋ ጓዳ ውስጥ ነው።